የውሃው ሰንደል

ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ጠጋ በይ። ይሄን እንዲህ ዘርዝሬ ለማንም አላወራሁትም፣ ላንቺ ካልነገርኩሽ ግን ያፍነኛል።

የዛን ቀን ጠዋት በኩሬው ግድብ ጫፍ ላይ እየሮጥኩ ነበር። የኪሞኖዬን ጫፍ መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ አንዱ የገለባ ጫማዬ ተበጥሶ መንገድ ቀርቶ፣ በአንድ እግር ጫማ። ደሞ እየሳቅኩ! አያቴ ታኪ ካረፈች አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላትም፣ እኔ ግን እየሳቅኩ። አሁን አትፍረጂብኝ፣ ሰምተሽ ስትጨርሺ ትፈርጃለሽ።

እኛ አገር መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሆኖ ነው። ብቻውን የሄደውን ሟች ይከተለዋል ይላሉ። እኔ ግን ሁለተኛ ከየት ላምጣ? አባቴ ባህር ማዶ፣ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው። እናቴ አስከሬኑ ጋ ተቀምጣለች። ጎረቤት ደሞ የለንም። ማለቴ ቤቶቹ አሉ፣ ሰዎቹም አሉ፣ ግን ካነጋገሩን አስራ አንድ ወር ሆኗቸዋል። እና ብቻዬን ሮጥኩ። አያቴ ከተከተለችኝም ትከተለኝ፤ እንደውም «ነይ አያቴ፣ አብረን እንንገረው» እያልኩ ነበር።

ኩሬው በቀኜ ነው፤ ወገቡ ድረስ ጎድሏል፣ ዳሩ ላይ ጭቃው እንደ አሮጌ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። ከተማችን ኦጊኖ በግራዬ ወደ ታች ተዘርግታለች፦ ሃምሳ ምናምን ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ የሩዝ አረቄ ጠማቂው ጭስ ማውጫ፣ ከዛ ማሳ፣ ማሳ፣ ማሳ። ዝናቡን ደቡብ ያሉት ተራሮች ይቀሙናል፣ ወንዛችን አሸዋ ብቻ ነው። ለዛ ነው የድሮ ሰዎች በጌቶች ዘመን ኩሬውን በእጃቸው የቆፈሩት። ውሃ ካለ ሩዝ አለ። ሩዝ ካለ ሁሉም ነገር አለ። ሸንኮራውም፣ እኛ ሴቶች ለባርኔጣ የምንጎነጉነው የገብስ ገለባም ትርፍ ነው፤ ሆድ የሚሞላው ሩዙ ነው።

ጋሽ ካንቤይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የገብስ ሻይ እየጠጣ ነበር የደረስኩት። የከተማው የውሃ አባት እሱ ነው። አባቱም ነበር፣ አያቱም ነበር። የኩሬውን በር የሚያስከፍተው፣ ለማን ምን ያህል ውሃ እንደሚደርስ የሚለካው እሱ ነው። ሲያየኝ እንዳላየ ሆነ፤ እኔን አልፎ የበሩን ምሰሶ አየ። ህጉ ነዋ።

«መርዶ!» አልኩ ከደጅ ቆሜ። መግባት አይፈቀድልኝም።

«የምን መርዶ?» አለ ለምሰሶው።

«አያቴ ታኪ አረፈች፣ ጋሼ።»

«አሮጊቷ?» ሻዩን ፉት አለ። «እኔማ የማትሞት መስሎኝ ነበር።»

«እኛም መስሎን ነበር። ምን ይደረግ፣ ውሃ ጠማት።»

ምሰሶውን ማየት ተወ። «አፍሽ ከትምህርት ቤት ከወጣሽም አላረፈም? ሁለተኛሽ የታለች? መርዶ በሁለት ነው።»

«ሁለተኛዬማ ከኋላዎ ናት፣ ካዋሱኝ።»

ከኋላው የወረቀቱ ተንሸራታች በር ትንሽ ተከፍቶ ነበር። በስንጥቁ አንድ አይን ይታያል። የናኦ አይን ነው፣ የልጁ። ስምንት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ቀለም አዋሰችኝ፣ ምሳዋን አካፈለችኝ፣ ፀጉሬን ሰራችኝ። አባቴ ላይ የተፈረደ ቀን ግን መንገድ ተሻግራ ሄደች። አንድ ቃል የለ፣ አንድ ጥቅሻ የለ። እውነቱን ልንገርሽ? ከአባቷ ይልቅ እሷን ነው የጠላኋት። አባቷን ድሮም አልወደውም ነበር፤ እሷን ግን ወድጄያት ነበር።

በሩ ተዘጋ።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ይመጣል» አለ ጋሽ ካንቤይ። «ሁለቱን አንነፍግም። አውሬ አይደለንም።»

«የከተማውን ሰንደልስ ያመጣሉ ጋሼ?»

«የውሃ አባት ሰንደል ሳይዝ ቀብር ሄዶ ያውቃል?»

«አይ፣ አያቴ አደራ ስላለች ነው። ‹ካንቤይ በገዛ እጁ ያብራልኝ› ብላለች።»

ደረቱ ሲነፋ አየሁት። አሮጊቷ ይቅርታ ጠይቃ የሞተች መሰለው! ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ፣ ከዛ ተመልሼ ሮጥኩ።

ቆይ፣ ሁለቱ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ልንገርሽ። እኛ ጋ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው አስር ነገር ነው፦ ሰርጉ፣ ልደቱ፣ በሽታው፣ ቤት ስራው፣ ጎርፉ፣ መንገዱ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አስር። አንድ ቤት ጥፋተኛ ሲባል ስምንቱ ይቆረጥበታል። የሚቀሩት ሁለቱ እሳትና ቀብር ናቸው። እሳቱ ወደነሱም ስለሚዛመት፣ ሬሳው ደሞ ስለሚሸት ነው እንጂ በደግነት አይምሰልሽ። ስምንቱን የተቆረጠ ሰው በሬ አያውሱትም፣ ዘር አይሸጡለትም፣ ደህና አደርክ አይሉትም። እኔ የጎነጎንኩትን ገለባ እንኳ ነጋዴው አልገዛኝም፤ ጥግ ላይ ጥዬ ዝናብ ጠበቅኩ፣ ዝናቡም አልመጣም።

ጥፋታችን ምን መሰለሽ? ገብስ።

ድርቅ ሲሆን የኩሬው ውሃ በሰንደል ነው የሚለካው። ከግድቡ ስር ጎጆ አለች። የውሃ አባቱ አመድ በሞላበት ሳጥን ላይ አንድ ሰንደል ይተክላል፣ ያበራል፤ ሽማግሌው ቶሜዞ ከበሮ ይመታል፤ ውሃው ወዳንቺ ማሳ ይለቀቃል። ሰንደሉ ሲያልቅ ቶሜዞ «አለቀ! ቀጣዩ ማሳ!» ብሎ ይጮህና ደግሞ ይመታል፤ ይዘጋብሻል። ለአንድ ማሳ አንድ ሰንደል ነው፣ ለሁሉም እኩል። ሰንደሉን የሚሰራው ገዳሙ ነው፣ በዝግባ ቅጠል ዱቄት። ሴቶቹ ደሞ ሰዓት የለንም፣ እና በመጀመሪያው ከበሮ ገብሱን እንጥዳለን፣ በሁለተኛው እናወጣለን። እናቴም እንዲህ ናት፣ የእናቴም እናት እንዲህ ነበረች። ልክ ይበስላል፤ አያርም፣ ጥሬም አይሆንም።

ባለፈው በጋ ጥሬ ወጣ።

እናቴ እንጨቱ እርጥብ ነው አለች። በማግስቱም ጥሬ ወጣ። አያቴ ከተኛችበት ሆና አንድ ፍሬ ነከሰች፣ እንትፍ አለችና «ገብሱ አይደለም ያልበሰለው፣ ሰንደሉ ነው» አለች። አያቴ እኮ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰላሳ ዓመት ለገዳሙ ሰንደል ስትጠቀልል የኖረች ሴት ናት! የራሷን ሰንደል ዕድሜ አታውቅም?

አባቴ ይሄንኑ ስብሰባ ላይ ተናገረ። ሳቁበት። «ቶራኪቺ ውሃ የሚለካው በሚስቱ ድስት ነው!» አሉት። አስተማሪያችን የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ «ለምን በዚህ አትለኩም?» ቢል፣ ጋሽ ካንቤይ ተነስቶ «ሰዓት የመንግስት ነው፣ ሰንደል የአባቶቻችን ነው። ሰዓት ይቆማል፣ ሰንደል ቆሞ አያውቅም» አለና አስጨበጨበ። አባቴ ሩዙ ቢጫ ሲሆን አስር ቀን አየ። አስራ አንደኛው ቀን ላይ በጠራራ ፀሐይ ዶማውን ይዞ ወጣ፣ ሁሉም እያየው ቦዩን ከፈተ። «የጎደለኝን ነው የምወስደው» አለ። ኦጊኖ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ብትሆኚ ይሻልሻል፤ የውሃ ሌባ ግን ምህረት የለውም። ስምንቱን ተቆረጥን። አባቴም «ሌባ ተብዬ በዚች አፈር ላይ አልራመድም» ብሎ ወደ ከሰሉ ሄደ። ስሙ ካልጠራ አይመለስም። እኔ ደሞ አባቴን ነው የምፈልገው፣ ሌላ አልፈልግም።

አያቴ ያኔውኑ መሞት ነበረባት። ሀኪሙ ለብርዱ ክረምት አትደርስም ብሎ ነበር። እምቢ አለች! ክረምቱን ጨረሰች፣ ፀደዩን ጨረሰች፣ ኩሬው ሲጎድል እኔን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሺጌ፣ በዚህ ወር ልሞት ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው አያቴ!»

«ዝም በይና ስሚ። ካንቤይ ሁለት አይነት ሰንደል አለው። ቁመታቸው እኩል ነው፣ ዕድሜያቸው ግን ለየቅል ነው። ረጅሙ የገዳሙ ነው፣ ለራሱ ማሳ የሚያበራው። አጭሩን ከወደብ ከተማ ያስመጣል፣ ለሌላው ሰው። ዘንድሮ የገዳሙ የውሃ ወፍጮ በድርቁ ቆሟል፣ ሰንደል አልተሰራም። ስለዚህ ካንቤይ የቀረው ረጅም አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። አሁን እኔ ሞትኩ እንበል። ለኔ ስምንቱን ለተቆረጥኩ አሮጊት አንዱን ረጅም ያባክንልኛል?»

«እሱ? ቅማል እንኳ ገፎ የሚበላ ሰው ነው።»

«ጎሽ። ቀብር ላይ ስንት ሰንደል ይበራል?»

«ሁለት። የገዳሙና የከተማው።»

ይሄ እኛ ጋ ያለ ነው። መነኩሴው ሁለቱን ሰንደሎች ከአንድ ሻማ አቀጣጥሎ ጎን ለጎን ይተክላል፣ እስኪያልቁ ጸሎት ይደግማል። ሁለቱ እኩል ካለቁ ሟች ያለ ቂም ሄደ ይባላል። ሁሌ እኩል ነው የሚያልቁት፤ ማንም ልብ ብሎ አያይም።

አያቴ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «እኔ በቂም ነው የምሄደው ልጄ። አንቺ አንድ ስራ ብቻ አለሽ፤ ካንቤይ ራሱ ይዞ እንዲመጣ አድርጊ። ከዛ ያቺን አፍሽን ዝጊ። በህይወትሽ አንድ ቀን ዝም በይልኝ።»

ይኸው ነው። በአስራ ሰባተኛው ቀን ሞተች። ቃሏን ጠብቃ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከተማው መጣ። ሴቶቹ ወጥ ቤታችን ገብተው ባቄላና ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ሲሰሩ እርስ በርስ እንጂ ከእናቴ ጋር አላወሩም። «ጨው የት ነው?» እንኳ አላሉ፣ ራሳቸው ፈልገው አገኙ። ወንዶቹ ጉድጓዱን ቆፍረው፣ ሳጥኑን ሰርተው ጫማቸውን አወለቁና ተደርድረው ተቀመጡ። ሙቀቱ! ተንሸራታች በሮቹን ሁሉ አንስተን ቤቱ እንደ ዳስ ክፍት ነው፣ አንዲት ቅጠል ግን አትነቃነቅም። ነፋስ አለመኖሩን ሳይ «አያቴ፣ ይሄንንም አንቺ ነሽ?» አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ካንቤይ የቤቱ ምልክት ያለበትን ጥቁር ካባ ደርቦ ከፊት ተቀመጠ። ናኦ ከኋላው ናት። እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፣ ዞሮም አላየ። ናኦ ከእጅጌዋ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠች። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አይኔን አፈጠጥኩባት፣ እሷ አቀረቀረች። እፈሪ፣ አልኩ፣ ገና መች አየሽ!

ካንቤይ ሰንደሉን አውጥቶ በሁለት እጁ ለመነኩሴው ሰጠ። ኤጁን የሚባለው መነኩሴ ሁለቱን አቀጣጠለ፣ አመዱ ላይ ተከለ፣ የናሱን ደወል አንዴ መታና ድግሙን ጀመረ።

አሁን አስቢው። ስልሳ ሰው አለ። ሁሉም ገበሬ ነው። ሁሉም ዕድሜውን ሰንደል ሲነድ ሲያይ የኖረ፣ የመጨረሻዋን ብልጭታ ሲጠብቅ አይኑ የሟሸሸ ሰው ነው። ከፊታቸው ደግሞ ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ አለ። ሌላ ምን ያያሉ?

እኔ አፌን ዘግቻለሁ። መጀመሪያ እኩል ናቸው። ረጅሙን አምጥቶ ቢሆንስ? አያቴ አንዴ ነው የምትሞተው፣ ሁለተኛ እድል የለንም። ከዛ የግራው፣ የካንቤይ፣ የጥፍር ያህል ዝቅ አለ። ከዛ የጣት ውፍረት። የአረቄ ጠማቂው ሚስት አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ የጎረቤቱን ጉልበት በክርኑ ጎሸም አደረገ። ጋሽ ካንቤይ ማራገቢያውን ማወዛወዝ አቆመ። ጆሮው ቀላ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ናኦን አያት፤ እሷ ወለሉን ነው የምታየው።

የግራው አመድ ላይ ደረሰ፣ አንዴ ቦግ አለ፣ ጠፋ።

ሽማግሌው ቶሜዞ ጥግ ላይ ተደግፎ እያንጎላጀ ነበር። አርባ ዓመት ከበሮ የመታ ሰው ነው፣ ተኝቶም ቢሆን አንድ አይኑ ሰንደል ላይ ነው። ብድግ አለና በዛ በጎጆው ድምፁ «አለቀ! ቀጣዩ ማሳ!» ብሎ ጮኸ። በቀብር ላይ!

ማንም አልሳቀም። ቶሜዞ ራሱ ባነነና አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ከዛ የቀኙን ሰንደል አየ። ሶስት ጣት ሙሉ ቀርቶታል፣ ደልቶት እየጨሰ ነው።

«አላለቀም እንዴ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ታዲያ እኔ... እኔ ያንን ሁሉ ከበሮ ምን ላይ ነው የመታሁት?»

መነኩሴው የገዳሙ ሰንደል ሳያልቅ ማቆም አይችልም፣ ስለዚህ ድግሙን ቀጠለ። ድግም እያለ ደሞ ማንም መነሳት አይችልም። ገባሽ? ሶስት ጣቱ እስኪነድ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ነበረበት። ካንቤይም ቁጭ ማለት ነበረበት። ከአንገቱ ላብ ሲወርድ፣ ካባው ውስጥ ሲገባ አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ቀስ ብለህ ንደድ፣ አልኩት ሰንደሉን፣ አትቸኩል፣ ማንም አይጠብቅህም።

ከወጥ ቤቱ በር ላይ አንዲት አሮጊት «ገብሱ...» አለች በሹክሹክታ። ሌላዋ ተቀበለች፦ «የኔም ጥሬ ነበር የወጣው እኮ!»

«የኔም!»

«እኔ ምራቴን ሰነፍ ብዬ በጋውን ሙሉ ሳስለቅሳት ከረምኩ! ውይ ልጄን!»

«እንጨቱ ነው ስትዪኝ አልነበር?»

«አንቺም እንጨቱ ነው ብለሽኛል!»

«እሽሽ!» አላቸው አንዱ፣ እሱ ግን ከሴቶቹ ይልቅ በጣቱ መቁጠር ይዟል፤ በአንድ ማሳ ሶስት ጣት፣ በአንድ በጋ ስንት ሶስት ጣት።

መጨረሻ ላይ አለቀ። መነኩሴው ደወሉን መታ። ወደ እናቴ ዞረ። «እኩል አላለቁም» አለ። «ታኪ ያለ ቂም አልሄደችም።»

መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ቀበርናት፣ እሱ ይቀድማል። ካንቤይም የውሃ አባት ነውና የቀብሩን ነጭ ባንዲራ ይዞ ከፊት ሄደ፤ ስልሳ ሰው ከኋላው። አፈሩ እንደተመለሰ ግን ሰዉ ወደየቤቱ አልተበተነም፤ ከኮረብታው ቀጥ ብሎ ወደ ካንቤይ ግቢ ወረደ። ጎተራው ውስጥ ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን አገኙ። ክዳናቸው ላይ በገዛ እጁ በብሩሽ ጽፎባቸዋል፤ አንዱ ላይ «ረጅም»፣ አንዱ ላይ «አጭር»። የረጅሙ ሳጥን ታች ላይ ጥቂት ቀርቷል፣ አጭሩ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«የኔ ማሳ ከፍ ያለ ቦታ ነው» አለ ካንቤይ፣ «ፀሐይ ይበዛበታል...»

«የቶራኪቺ ማሳ ላይ ጨረቃ ነው የሚወጣው?» አለው አረቄ ጠማቂው።

«ሰዓት ይቆማል ብለሃል አይደል?» አለ አስተማሪያችን፣ ቃሉን እየረገጠ። «እንደው ለማወቅ ነው።»

ከዛ ገዳሙ ግቢ ተሰበሰቡ። ካንቤይ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሚስት የለችውም፣ ናኦ ብቻ ናት ከጎኑ፤ እሷም ግንባሯን አስነካች። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ሪሄይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «የተበደለው ቤት ይናገር» አሉ።

እናቴ እጆቿን ታያለች። አስራ አንድ ወር ሙሉ ማንም አናግሯት አያውቅም፣ ድምፅ ከየት ታምጣ? እና እኔ ተነሳሁ። የዛን ዕለት ዝም ማለት የነበረብኝ እስከ ቀብሩ ድረስ ነው፣ ከቀብር በኋላ አያቴ ምንም አላለችኝም።

«ስምንቱን» አልኩ።

«የማንን?» አሉ አባባ ሪሄይ። «የካንቤይን ብቻ ወይስ የቤቱን? ልጅቷ ከአክስቷ ጋ ልትሆን ትችላለች።»

ሁሉም ያየኛል። ናኦ ቀና አላለችም። ያን ቀን መንገድ የተሻገረችው ታየኝ፤ ጃንጥላዋን እንዴት ወደኔ በኩል ዘንበል እንዳደረገች፣ ፊቷን እንዳላይ።

«የእኛን ሲቆርጡ እኔን ለይተው ነበር?» አልኩ። «የቤቱን።»

«ልጅ ናት፣ እናቲቱ ትናገር» አለ አንዱ።

እናቴ ያኔ ቀና አለች። «ልጄ የተናገረችው ነው» አለች።

አለቀ። በማግስቱ ቶሜዞ ጎጆው ውስጥ በረጅሙ ሰንደል ከበሮ መታ፣ ውሃው ወደኛ ማሳ መጣ፣ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ቆምኩበት። ገብሱ በሰለ። ከፖስታ ቤቱ ለአባቴ ቴሌግራም ላክን፤ ቃሉ ውድ ነው፣ ስለዚህ እናቴ ረጅሙን ሁሉ ሰርዛ ሶስት ቃል አስቀረች፦ «ሌባው ተገኘ። ና።» ሴቶቹ ቶፉ ይዘው፣ ቂጣ ይዘው፣ እያለቀሱ መጡ። ነጋዴውም ገለባዬን ልግዛ አለኝ፤ አስለመንኩት።

በሶስተኛው ቀን ናኦን ቦዩ ዳር ካለው ማጠቢያ ድንጋይ ላይ አገኘኋት። ብቻዋን ናት። ሌሎቹ ሴቶች እሷ ስትመጣ ተነስተው ሄደው ነው። በህጉ ላናግራት አይገባም፣ ህጉን ያስፈረድኩት ደግሞ እኔው። ግን አስራ አንድ ወር ያጠራቀምኩት አፍ ነው ያለኝ፣ የት ልድፋው? ከድንጋዩ በላይ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

«እንዴት ነው ስምንቱ?» አልኳት። «ይጣፍጣል?»

ልብስ ታጥባለች።

«እኛ ጋ ክረምት ላይ ነው የሚከብደው። አሁን ገና ቀላሉ ነው። ሰው ሲያልፍ ምሰሶ ምሰሶ ታያለሽ፣ ትለምጂዋለሽ።»

ጨርቁን ገልብጣ ማሸት ቀጠለች።

«አያቴ አባትሽን እንደ መዳፏ ነበር የምታውቀው። ስስታም ነው፣ ለኔ ረጅሙን አያባክንም ብላ ነበር። ሞታ አሸነፈችው! አንድ ሰንደል ሰስቶ ቤቱን በላ። ለአባትሽ ንገሪው፣ አንድ እንጨት ሰንደል ነው የጣለህ በይው!»

ናኦ የመጨረሻውን ጨርቅ ጨመቀች። ዘርግታ አጠፈችው፣ ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ተነሳች። እጆቿ በውሃው ቀልተዋል። የሚያለቅስ ፊት ፈልጌ ነበር፣ አልነበራትም። ትምህርት ቤት ቀለም ስታውሰኝ በምትናገርበት በዛ በቀስታ ድምጿ መለሰችልኝ። ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፣ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፦

«ሺጌ፣ አባቴ ረጅሙን ነበር አምጪ ያለኝ። አጭሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»